ያልተወጋ ጆንያ

ልጄ አሥረኛ ክፍል ሳለች ኮሮና መጣና ትምህርት ቤቷ ተዘጋ። መርካቶ ግን አልተዘጋም። ሰው ጤፍ መብላት አላቆመምና እኔም እህል በረንዳ ያለችውን መደብሬን በየጠዋቱ መክፈቴን ቀጠልኩ። በሩ ላይ ቧንቧ የተበጀለት ባልዲና ሳሙና ተቀመጠ። አፋችን ላይ ጭምብል ተደረገ፤ እውነቱን ልናገርና አብዛኛውን ቀን የሚውለው አገጫችን ላይ ነበር። ደንበኛ ሲመጣ መጨባበጥ ቀርቶ በክርን መነካካት ሆነ። ከጎኔ ባቄላና ምስር የሚሸጠው የወሎ ሰው ደግሞ ለርቀቱ የራሱን መለኪያ አወጣ። «ሜትር ማን ይዞ ይዞራል? አንድ የተጋደመ ጆንያ በመሃላችን ይኑር፤ በቃ።»

ትምህርቱ ወደ ስልክ ገባ። መምህራኑ ቴሌግራም ላይ ግሩፕ ከፍተው ማስታወሻውን በፎቶ፣ ማብራሪያውን በድምፅ መላክ ጀመሩ። ቤታችን ውስጥ ቴሌግራም የሚከፍት ስልክ አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም የኔ። እኔ ያለ ስልክ መነገድ አልችልም፣ ልጄ ያለ ስልክ መማር አትችልም። ስለዚህ ስልኩ ባለበት ትምህርት ቤቱ አለ ብዬ እሷንም ወደ መደብር ይዤ መምጣት ጀመርኩ። ከሚዛኑ ጎን በተደረደረ ጆንያ ላይ ቦታ አበጀሁላት። ስልኩን ከአምስት ኪሎው የሚዛን ብረት ጋር አስደግፋ ትማራለች። በመሃል ሲደወል መምህሯ ትቋረጣለች፤ አንድ የጎጃም ነጋዴ ስለ ዋጋ ከእኔ ጋር ሲከራከር ቆይቶ ሲዘጋ መምህሯ ትመለሳለች።

እኔ ራሴ በወጉ አልተማርኩም። ከጎጃም መጥቼ ጎጃም በረንዳ ስሸከም በነበረበት ዘመን ፊደል የለየሁት ከዱቄት ጆንያ ላይ ነው። ጆንያው ጀርባዬ ላይ ሳለ አይነበብም፤ አውርጄው ሳርፍ ግን አነበዋለሁ። በመጀመሪያ አጣርቼ ያነበብኩት «የተጣራ ክብደት» የሚለውን ነው። በየጆንያው ላይ ስላለ ብዙ ወራት የአንድ ሀብታም ሰው ስም መስሎኝ ኖርኩ። አንድ ቀን አሠሪዬን፣ «ጋሼ፣ አቶ የተጣራ መኖሪያቸው የት ነው?» ብዬ ስጠይቃቸው የሳቁት ሳቅ እስከ ሲኒማ ራስ ሳይሰማ አልቀረም። ከዚያ በኋላ ያገኘሁትን ሁሉ አነበብኩ፤ ጋዜጣም፣ መዝገበ ቃላትም፣ የሰዋስው መጽሐፍም። ይሁን እንጂ ራሱን ያስተማረ ሰው አንድ ጉድለት አለበት። ሲሳሳት የሚያርመው ስለሌለ የተሳሳተ አይመስለውም።

እኚያ አሠሪዬ ከሳቃቸው ሌላ አንድ ሕግ አውርሰውኛል። ያልወጋኸውን ጆንያ «ነው» አትበል ይሉ ነበር። በእህል ንግድ ጆንያ ይወጋል። ሆዱ ቦይ የሆነ ሹል ብረት አለን፤ በጆንያው ጎን ሰክተን ስንስበው ከመሃልና ከሥር ያለውን እህል ይዞልን ይወጣል። ከላይ አንድ ቁና ነጩን ማኛ አልብሶ ከሥር ድብልቁን ሰርገኛ የሚሞላ ነጋዴ ስላለ ነው። እኔ ያልወጋሁትን ጆንያ «ማኛ ይመስላል» እላለሁ እንጂ «ማኛ ነው» አልልም። በዚህ ምክንያት ደንበኛ አጥቻለሁ። ጎረቤቴም «ጋሼ ይመስላል» የሚል ስም አውጥቶልኛል። «ጋሼ ይመስላል፣ ዛሬ ማክሰኞ ነው ወይስ ይመስላል?» እያለ ያሾፍብኛል።

ልጄንም ያሳደግኋት በዚሁ ሕግ ነው። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ በየዕለቱ ከእራት በፊት ደብተሯን ታመጣልኛለች። ገጽ በገጽ አገላብጬ ከግርጌው «አይቻለሁ» ብዬ እፈርማለሁ። ዓመት በዓልም ቢሆን አንድ ቀን አስቀርተን አናውቅም ነበር።

ነገሩ የተነሳው ከአማርኛ የቤት ሥራ ነው። መምህሯ እንዲህ ብላ ጽፋ ላከች። «ስለ አሁኑ የስልክ ትምህርታችን አምስት ዓረፍተ ነገር ጻፉ። ሁሉም ተለዋጭ ዘይቤ ይሁን። 'እንደ' የሚለውን ቃል እንዳታስገቡ። ከሃያ ይታረማል።»

ልጆቹ ወዲያው ግሩፑ ላይ መለማመድ ጀመሩ። ልጄ ጮክ ብላ ስታነብ ጎረቤቴም፣ ጭነት ያልደረሳቸው ተሸካሚዎችም ተሰብስበው ያዳምጣሉ።

«'ትምህርታችን በፈረቃ የሚመጣ ውሃ ነው፤ ባልዲ ይዞ ያልጠበቀ አይቀዳም።'»

«ይኼ የኛ ሰፈር ልጅ ነው» አለ ጎረቤቴ።

«'ትምህርታችን ሾፌር የሌለው ታክሲ ነው፤ ረዳቱ ይጠራል፣ እኛ እንገባለን፣ የሚነዳን ግን የለም።'»

«ይኼኛው ደግሞ ከሲኒማ ራስ የሚሳፈር ነው።»

«'ትምህርታችን የዳቦ ቤት መስታወት ነው፤ ዳቦው ይታየኛል፣ እጄ አይደርስም።'»

«ይኼ ቁርሱን አልበላም!»

አንዱ ተሸካሚም ገባበት። «ጻፊላቸው የኔ እህት፦ በስልክ መማር በስልክ ምሳ መብላት ነው!»

ሁሉም ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም። «ውሸት ነው» አልኩ። «ትምህርት ውሃ አይደለም። ታክሲም አይደለም።»

«ጋሼ፣ ዘይቤ ነው እኮ!» አለ ጎረቤቴ። «ሚስትዎን 'ማሬ' ሲሏት በኪሎ ሊሸጧት ነው?»

«አንድም ቀን ብያት አላውቅም።»

«እሷም የምታማዎት በዚሁ ነው!»

በዚያው ቀን ከእራት በፊት ልጄ ደብተሯን አመጣች። አምስቱን ዓረፍተ ነገሮች ዛሬም አልረሳኋቸውም። «ስልኩ ጠባብ በር ነው፤ ሃምሳ ሆነን እንጋፋበታለን። የመምህሮቼ ድምፅ ነፋስ የያዘው ጤፍ ነው፤ ግማሹ ወደ ጎረቤት ይሄዳል። ኔትወርክ ኩርፍተኛ ጓደኛ ነው፤ ሲፈልግ ያናግረኛል፣ ሲፈልግ ይዘጋኛል። የአባቴ መደብር ክፍሌ ነው፤ የስም ጥሪ ግን የሚደረገው ለጆንያ ነው።» አምስተኛው እንዲህ ይላል፦ «እኔ ያልተወጋሁ ጆንያ ነኝ፤ ከላይ አንድ ቁና ማኛ አለኝ፣ ከሥር ምን እንዳለ ያየ የለም።»

እዚያች ላይ ስደርስ ደሜ ፈላ።

«አንቺ ጆንያ ነሽ?»

«አይደለሁም አባባ።»

«ታዲያ ለምን 'ነኝ' አልሽ?»

«ዘይቤ ነው።»

«'እንደ' የሚባል ቃል የተፈጠረው ለዚህ ነው። 'እንደ ጆንያ ነኝ' በይ፤ ያን ጊዜ እውነት ይሆናል።»

«ቲቸር 'እንደ' አታስገቡ ብላለች።»

«መምህርሽ ጤፍ ሸጣ አታውቅም። ከዚህ ቤት ውሸት ተጽፎ አይወጣም።»

ልጄ ጣቷን አምስተኛዋ ላይ አሳረፈች። የሆነ ነገር ልትናገር ፈልጋ ነበር፤ እኔ ግን እስክሪብቶዬን አንስቼ ነበር። አምስቱም ቦታ ላይ «እንደ» አስገባሁ። በንጹሕ ወረቀት ገለበጠችው፣ ፎቶ አንስታ ላከችው። እኔም ከግርጌው «አይቻለሁ» ብዬ ፈረምኩና ደህና አድርጌ ተኛሁ። አባት ሲሳሳት ብዙ ጊዜ እንቅልፉ ደህና ነው።

ከአራት ቀን በኋላ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ የመምህሯ ድምፅ መጣ። ስልኩ ድምፁ እስከ መጨረሻ ከፍ ብሎ ስለነበር ሁላችንም ሰማን። «ጎበዞች ናችሁ። ብዙ ሳቅኩ፣ ብዙም አሰባችሁኝ። አንድ ልጅ ብቻ አምስቱንም በ'እንደ' ሠርታልኛለች። አሥረኛ ክፍል ደርሳ ተነጻጻሪና ተለዋጭ ዘይቤን አለመለየቷ አሳዝኖኛል። ከሃያው አራት ብቻ አግኝታለች።»

ስም አልጠራችም። ጎረቤቴ ግን ምስር የሚሰፍርበትን እጁን አቆመ። ልጄ ስልኩን አነሳች፣ አንድ ነገር ጻፈች፣ መልሳ ከብረቱ ጋር አስደገፈችው። ወዲያው ደንበኛ ደወለልኝና ስልኩን ተቀበልኳት። ስጨርስ የጻፈችው ፊት ለፊቴ ነበር፦ «ይቅርታ ቲቸር፣ እኔ ነኝ። ትእዛዙን በደንብ ሳላነብ ነው የሠራሁት።»

«ይኼ ውሸት ነው» አልኳት። «አንብበሽዋል። ለእኔም ነግረሽኛል።»

«አዎ።»

«ታዲያ?»

«በሃምሳ ልጅ ፊት 'አባቴ ነው ያሳሳተኝ' ልበል?»

ከዚህ ቤት ውሸት ተጽፎ አይወጣም ያልኩት ሰው እኔ ነበርኩ። ልጄ በሕይወቷ የመጀመሪያውን ውሸት የጻፈችው በእኔ ምክንያት ነው። የመጀመሪያ መሆኑን አልወጋሁም፤ ይመስለኛል።

በዚያ ቀን ከእራት በፊት ደብተሩ አልመጣም። ጠበቅሁ። ስጠራት «የሚታይ የለም አባባ» አለችኝ። በማግስቱም እንዲሁ። ባለቤቴ ሳህን እያቀራረበች፣ «አሥር ዓመት ሙሉ ስታመጣ የኖረችውን አሁን ያስቀረችው ለምንድን ነው?» አለችኝ። አፌን ስከፍት ቀደመችኝ፤ «ደግሞ 'ይመስለኛል' ብለህ እንዳትጀምረኝ።»

ሰው በልጁ ፊት ትልቅ ሆኖ ለመታየት ብዙ ነገር ያደርጋል። ይቅርታ መጠየቅ ግን ከሁሉ ይከብደዋል፤ እኔንም ከብዶኛል። ከማርኩ ይልቅ የፈራሁት ያ ደብተር ተመልሶ እንዳይመጣ ነበር። ልጅ ለአባቱ የሚያሳየውን ነገር አንዴ ከደበቀ፣ ቀስ በቀስ ሁሉንም መደበቅ ይለምዳል።

በሦስተኛው ቀን መደብር እንደ ደረስን፣ «ዛሬ ለመምህርሽ እናገራለሁ» አልኳት።

«አባባ፣ እባክዎን በግል ይላኩላት! ግሩፑ ላይ ሁሉም ይሰማል።»

«አንቺ የታረምሽው ሁሉም እየሰማ ነው። እኔም እንዲሁ ልታረም።»

ጎረቤቴ ሊያለማምደኝ በመሃላችን ያለውን ጆንያ ተሻግሮ መጣ። «ጋሼ፣ ይህችን ማይክ ተጭነው ይያዟት። ሲለቋት ይሄዳል። እንዳይለቋት!»

ተጫንኩ። «ይሰማል ወይ?» አልኩ። በዚያው ቅጽበት ከኋላዬ አንድ ተሸካሚ «ዞር በል! ዞር በል!» እያለ ሲገባ ጭነቱ አዘነበለበት። እኔም ደንግጬ፣ «ከሥር ያዘው እንጂ! ጆንያውን ከሥር ያዘው!» ብዬ ጮኽኩና ጣቴን ለቀቅኩ። ሄደ።

ግሩፑ በሳቅ ምልክት ተሞላ። አንድ ተማሪ «ቲቸር፣ ይኼም ተለዋጭ ዘይቤ ነው?» ብሎ ጻፈ። ልጄ ጭምብሏን ከአገጯ አንስታ፣ ከአፍና ከአፍንጫዋ አሳልፋ እስከ ዓይኗ ድረስ ሳበችው። ኮሮና ከገባ ወዲህ በመደብሬ ውስጥ ጭምብል እንዲህ ተሟልቶ ሲደረግ ለመጀመሪያ ጊዜ ማየቴ ነበር። ትከሻዋ ግን በሳቅ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ልቤ ትንሽ ተመለሰ።

እንደገና ተጫንኩ። «መምህርት፣ ጤና ይስጥልኝ። እኔ የዚያች አራት ያገኘችው ልጅ አባት ነኝ። ልጄ ትእዛዝዎን አንብባ፣ ለእኔም ነግራኝ ነበር። 'እንደ'ን ያስገባሁት እኔ ነኝ። የማላውቀውን እንደሚያውቅ ሰው ሆኜ ነው ያረምኩት። ከዚያ በኋላ ጥፋቱን በራሷ ላይ አድርጋ የጻፈችልዎት እኔን ላለማሳጣት ነው። ዋሽታለች፤ ያስዋሸኋት ግን እኔ ነኝ። አሁን መጀመሪያ የጻፈችውን ላንብብልዎት።»

ከጎኗ የነበረውን የአማርኛ ደብተሯን ከፈትኩ። አራቱን ቶሎ ቶሎ አነበብኳቸው። አምስተኛው ላይ፣ «እኔ ያልተወጋሁ ጆንያ ነኝ፤ ከላይ አንድ ቁና ማኛ አለኝ፣ ከሥር ምን እንዳለ...» አልኩና ቆምኩ።

ዕድሜዬን ሙሉ ጆንያ ስወጋ ኖሬያለሁ። ከላይ ማኛ፣ ከሥር የማይታወቅ ሲባል ምን ማለት እንደሆነ ከእኔ በላይ ሊገባው የሚችል ሰው እህል በረንዳ ውስጥ የለም። ያን ቀን ማምሻውን ግን «ነኝ»ን ሳርም ቆይቼ የተነገረኝን ነገር አልሰማሁም። ልጄ በራሷ ላይ ዘይቤ አልሠራችም ነበር። በእኔው የንግድ ቋንቋ፣ በሚገባኝ ቃል፣ «ይውጉኝ» ብላኛለች። እኔ ደግሞ «እንደ» ብዬ አለሳልሼ አልፌዋለሁ።

ጣቴ ማይኩ ላይ እንዳለ ቀረ። ያ ዝምታም ተቀድቷል። በኋላ ስሰማው ከሩቅ የጋሪ ጎማ ሲንኳኳና ጎረቤቴ ጉሮሮውን ሲጠርግ ይሰማል። ከዚያ «ያየ የለም» ብዬ ጨረስኩና ለቀቅኩት።

«ከሥር ምን አለ?» አልኳት ልጄን።

ጭምብሏን አወረደች። «ሒሳብ» አለች።

«ሒሳብ ምን ሆነ?»

«ትምህርት ቤት ከተዘጋ ጀምሮ አልገባኝም። ማስታወሻውን ከፎቶ እገለብጣለሁ፤ መልሱን ጓደኞቼ ይልኩልኛል። ደብተሬ ሙሉ ነው።»

«እኔ እኮ በየገጹ ፈርሜበታለሁ።»

«አዎ። 'አይቻለሁ' ብለው።»

በቁጣ አልተናገረችም፤ ያለውን ነገር ብቻ ነው የነገረችኝ። እኔ ግን ቁጭ አልኩ። ማኛን ማኛ ነው ለማለት የምፈራ ሰው፣ አንድም መስመር ሳይገባኝ በሒሳብ ደብተር ላይ አሥር ዓመት «አይቻለሁ» ስል ኖሬያለሁ። ጽሑፉ ቀጥ ማለቱን፣ ገጹ ንጹሕ መሆኑን ነበር የማየው። ከላይ ያለችውን አንዷን ቁና። ልጅ ያላችሁ ሁሉ ፊርማችሁን መርምሩ።

ብዙም ሳይቆይ የመምህሯ ድምፅ መጣ። «ጋሼ፣ ስለ ነገሩኝ አመሰግናለሁ። ማርኳን አስተካክዬ አሥራ ሰባት ሰጥቻታለሁ። ሦስቱን የቀነስኩት ትክክለኛውን እያወቀች የተሳሳተውን ስለ ላከች ነው።»

ፍርዱ ደስ አለኝ። ይህች ሴት ጤፍ ብትሸጥ ኖሮ ሁላችንንም ከገበያ ታስወጣን ነበር።

ቀጠለች። «አምስተኛዋን ዓረፍተ ነገር ግን እንዲሁ ማለፍ አልፈልግም። ልጆች፣ ሌላ ያልተወጋ ጆንያ ካለ ይናገር። ማርክ አይቀነስም።»

ከዚያ አንዱ «እኔ» ብሎ ጻፈ። ልጄ እየተከታተለች ታነብልን ጀመር። «'እኔም ጆንያ ነኝ፤ ኬሚስትሪ።' 'እኔ ሁለት ጆንያ ነኝ፤ ፊዚክስና እንግሊዝኛ።' 'እኔ ከላይም ማኛ የለኝም።' 'ቲቸር፣ እኔ ጆንያው ራሱ ጠፍቶብኛል።'»

ጎረቤቴ እጁን በራሱ ላይ ጫነ። «ጋሼ! ጭነቱ በሙሉ ተቀላቅሎ ነው የገባው!»

መምህሯ ለሌሎቹ መምህራን ነገረቻቸው። ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ቅዳሜ ቅዳሜ ማስታወሻ የማይላክበት፣ ልጆቹ ያልገባቸውን ብቻ የሚጠይቁበት ሰዓት ተመደበ። ልጆቹ ሰዓቱን «መውጊያ» አሉት። ጎረቤቴም ስሜን ቀየረው፤ «ጋሼ ነው» ይለኝ ጀመር።

ለመምህሯ በተናገርኩበት ዕለት ከእራት በፊት ደብተሩ መጣ፤ የሒሳቡ ደብተር ነበር። ልጄ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ አጠገቤ ተቀመጠች። ከመጀመሪያው ገጽ ጀመርኩ።

«ይኼ በየገጹ ያለው ኤክስ የሚባለው ማነው?»

ልጄ ትን እስኪላት ሳቀች። «አባባ፣ አቶ የተጣራ ናቸው!»

እኔም ሳቅኩ። ከኋላችን ባለቤቴ ጭምር ስትስቅ ሰማኋት። ሒሳብ ዛሬም አላውቅም። መውጋት ግን አውቃለሁ። በየመስመሩ ጣቴን አሳርፌ «ይኼ ከየት መጣ?» እላታለሁ። ካወቀች ታስረዳኛለች፤ እያስረዳችኝም ብዙ ጊዜ የራሷን ስህተት ታገኛለች። ካላወቀች በእርሳስ ምልክት እናደርግና ቅዳሜ ትጠይቃለች። አንድ ገጽ ለመጨረስ አንዳንዴ እራት ይቀዘቅዝብናል፤ ባለቤቴ ስለ ኤክስ የምትለውን እዚህ አልጽፈውም።

ስፈርም ግን እጄ «አይቻለሁ» ማለት እምቢ አለኝ። አሰብኩና «ወግቻለሁ» ብዬ ጻፍኩ። እስከ መጨረሻው ገጽ ድረስ እንዲያ እያልኩ ፈረምኩ።

ትምህርት ቤት ሲከፈት የሒሳብ መምህራቸው ደብተር ሰበሰቡ። ልጄ የተመለሰላትን ደብተር ይዛ፣ ቦርሳዋን ሳታወርድ፣ በጆንያዎቹ መሃል እየሮጠች መደብር ገባች። ከፍታ አሳየችኝ። ሥራው በሙሉ ትክክል ነው የሚል ምልክት ተደርጎበታል። ከግርጌው፣ እኔ «ወግቻለሁ» ካልኩበት ሥር፣ መምህሩ በቀይ እስክሪብቶ አንዲት ቃል ጽፈዋል፦

«ማንን?»